ድንጋይ፣ ሙዝ፣ ቅጠል፣ ውሃ

በመምህር አንጁሎ ቀብር ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ «አምስት ቋንቋ አቀላጥፈው ይናገሩ ነበር» ይላል። ውሸት ነው። በአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር በሴቻ ባለው ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ «ውሸት ነው» ስል አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ዞር ብለው አዩኝ። ከሟች የሕይወት ታሪክ ጋር የሚከራከር ሰው ገጥሟቸው አያውቅም መሰለኝ። እኔ ደግሞ ይህን በቀብር ላይ የሚነበብ ወረቀት ከድሮም አልወደውም። ሰው በሞተ ማግስት ሁሉም ትሑት፣ ሁሉም ታታሪ፣ ሁሉም «ለተተኪው ትውልድ አርአያ» ይሆናል። ስም ብቻ ቀይሮ ለሚቀጥለው ሟች ቢያነቡት ማንም አያውቅም።

መምህር አንጁሎ ሲሞቱ የሚናገሩት አንድ ቋንቋ ብቻ ነበር። አምስቱን የሚናገሩበትን ዘመን አይቻለሁ፤ በአንዱ ብቻ የቀሩበትንም አይቻለሁ። ስለ መጀመሪያው ቀብሩ ላይ ተነቧል። ስለ ሁለተኛው ያነበበ ስለሌለ እኔ እጽፈዋለሁ።

ያስተማሩኝ አርባ ምንጭ በነበረ አንድ ኮሌጅ ነው። ኮርሱ «የሥነ ልሳን መግቢያ» ነበር። እኛ ግን «ሊንጉስቲክስ» እንለው ነበር፤ ስሙን ከፍ ስናደርገው እኛም ከፍ የምንል ይመስለናል። ሁላችንም የቋንቋ መምህር ለመሆን የገባን ነበርን፤ ስለዚህ ቋንቋ ማወቅ ማለት የሌላውን ስህተት ማረም ነው ብለን እናምን ነበር። ይህን እምነት እስከ ዛሬ ይዘው የዘለቁ የክፍል ጓደኞች አሉኝ።

በመጀመሪያው ቀን መምህሩ ቅርጫት አንጠልጥለው ገቡ። አጭር ሰው ናቸው፤ ከጋሞ ደጋ ከገረሴ የወረዱ። ሸሚዛቸው በታችኛው ሰፈር በሲቀላ ሙቀት እንኳ እስከ አንገቱ ድረስ የተቆለፈ ነው። ሰላምታ ሰጡንና «እዚህ ክፍል ውስጥ ሌሎቻችን የማናውቀውን ቋንቋ የሚናገር ማን ነው?» አሉ።  በመጨረሻ ከሐመር የመጣች አንዲት ተማሪ እጇን ግማሽ ድረስ አነሳች።

«ነይ» አሏት። «ከአሁን በኋላ አማርኛ አትናገሪኝም። እኔም አልናገርሽም። መምህሯ አንቺ ነሽ።»

ከቅርጫቱ ድንጋይ አወጡና መዳፋቸው ላይ አድርገው ዘረጉላት። አልጠየቋትም። ቅንድባቸውን ትንሽ አነሱና ጠበቁ። ልጅቷ አፍራ ሳቀች፤ እኛም ሳቅን። እሳቸው መዳፋቸውን እንደዘረጉ ናቸው። ሳቃችን ሲያልቅ ልጅቷ አንድ ቃል ተናገረች። መለሱላት። ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ደግመው ሞከሩ። ሦስተኛው ላይ በአዎንታ ነቀነቀችላቸው፤ ያኔ ብቻ ወደ ሰሌዳው ዞረው ጻፉት። ከዚያ ሙዝ፣ ከዚያ የሽፈራው ቅጠል፣ ከዚያ በብርጭቆ ውሃ። ከዚያ ሁለት ድንጋይ። ከዚያ ድንጋዩን ጣሉ፣ ቅጠሉን ቀደዱ፣ ውሃውን ጠጡ፣ ለልጅቷም አጠጧት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሰሌዳው ሞልቶ ነበር፤ ልጅቷም እሳቸውን ስታርም ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር።

ሙዙ መስኮቱ ጥግ ላይ ነበርና ከግቢው ዝንጀሮዎች አንዱ እጁን አስገብቶ ወሰደው። ክፍሉ ተንጫጫ። መምህሩ ግን ዝንጀሮውን በአክብሮት ተመለከቱት።

«እሱም ሙዝ ፈልጓል» አሉ፣ በአማርኛ። «ግን ትናንት ስለበላው ሙዝ ሊያወራን አይችልም። ነገ ስለሚበላው አይችልም። ኖሮ ስለማያውቅ ሙዝ ደግሞ ፈጽሞ። እኛ እንችላለን። በዚህ ብዙ አትኩሩ፤ ሙዙን የበላው እሱ ነው።»

ከዚያ ኖራቸውን ይዘው ሰሌዳው ላይ ያለውን ከበቡት። ልጅቷ ያወጣቻቸውን ድምፆች ከበቡና «ይኼ ሥነ ድምፅ ነው» አሉ። አንዱ ድንጋይ ሁለት ሲሆን ቃሉ የለበሰውን ቅጥያ አሳዩንና «ይኼ ሥነ ምዕላድ፤ ቃል ከምን ከምን እንደተሠራ» አሉ። ጣዩ፣ ድንጋዩና መጣሉ በምን ተራ እንደተሰለፉ እያሳዩ «ይኼ አገባብ» አሉ። «ይኼ ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ የትርጉም ጥናት ነው። መጀመሪያ አፍራ ዝም ያለችው፣ ኋላ ያረመችኝ፣ እናንተ የሳቃችሁት፣ ይኼ ቋንቋ በሰዎች መሃል ሲሠራ ነው፤ ለሱም ዘርፍ አለው። ኮርሱ አለቀ። የቀረው ዝርዝር ነው።»

ዝርዝሩ አንድ ወሰነ ትምህርት ፈጀ። ከዚያ በኋላ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ከዚያች ቅርጫት የበለጠ የጨመረልኝ ብዙ የለም።

አንድ የማይለወጥ ሕግ ነበራቸው። «የቋንቋው ባለቤት እስኪነቀንቅልህ ድረስ ቃሉ ያንተ አይደለም።» ስለ ድምፅ ሲያስተምሩ እጃችንን ጉሮሯችን ላይ አስደርገው «ስስስ» እና «ዝዝዝ» ያስብሉን ነበር፤ በአንደኛው ጉሮሮ ዝም ይላል፣ በሌላኛው ይንቀጠቀጣል። ሃምሳ ተማሪ አንገቱን ይዞ እንደ ንብ ሲያጉረመርም ከውጭ ያየ ሰው ወረርሽኝ የገባ ይመስለው ነበር። ቃላት በመዝገበ ቃላት ካላቸው ትርጉም አልፈው በሰው አፍ ምን እንደሚሠሩ ሲያስረዱ ደግሞ ከሲቀላ እስከ ሴቻ ያሉትን ቢሮዎች በምሳሌ ያዞሩን ነበር። «ጸሐፊዋ ‹ነገ ይምጡ› ስትልህ ‹ነገ› ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። ስለዚህ ነገ አትሄድም። ይኼን ዕውቀት ማን አስተማረህ? መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም።»

አንድ ቀን ከገረሴ የመጣ የክፍላችን ልጅ ሲናገር ስለ እናቱ በወንድ አንቀጽ ተናገረና እኔ ሳቅሁ። እናቴ ከከተማው አጠገብ ከጫኖ የመጣች ጋሞ ናት፤ ጋሞኛን ከጡቷ ጋር፣ አማርኛን ከከተማው ጋር ነው ያገኘሁት። በዚህም እኮራ ነበር። መምህሩ ሳቄን አስጨረሱኝ።

«ጨረስክ?»

«አዎ፣ መምህር።»

«አንተም ሁለት ቋንቋ አለህ፤ እሱም ሁለት አለው። እሱ በሁለተኛው ይናገራል፣ አንተ በሁለተኛው ትስቃለህ። ከሁለታችሁ ተማሪው የትኛው ነው?»

ያችን ጥያቄ አልረሳኋትም። አልረሳኋትም ብቻ ሳይሆን ልመልሳት ስጠባበቅ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ጠባዬ እንዲህ ነበር፣ አሁንም አልተሻለኝም። ወደ ኮርሱ መጨረሻ ስለ ቋንቋና ማኅበረሰብ ሲያስተምሩ ቋንቋ በአዋጅ እንደማይሞት፣ አባትና እናት ለልጆቻቸው መናገር ሲያቆሙ ቀስ ብሎ እንደሚሞት ነገሩን። እጄን አወጣሁ።

«መምህር፣ የእርስዎ ልጆች ጋሞኛ ይችላሉ?»

መልሱን አውቀው ነበር። ከተማው ትንሽ ነው። መምህሩ ኖራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ አነሱ፣ እንደገና አስቀመጡ። «ሰዓቱ ደርሷል» አሉ። አልደረሰም ነበር።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ገብተው ሰሌዳው ላይ «ምሳሌ አንድ፦ የመምህራችሁ ቤት» ብለው ጻፉ።

«ልጆቼ አይችሉም» አሉ። «ባለቤቴም አትችልም። ልጆቹ ትምህርት ቤት አማርኛቸው እንዳይሰበር ፈራሁ፤ እንደ እኔ እንዳይሳቅባቸው ፈራሁ። ባለቤቴ ከደብረ ብርሃን ነው የመጣችው፤ እሷን ደግሞ ‹ምን ያደርግላታል› ብዬ ተውኩት። ስህተት መሆኑን ባለሙያው ያውቃል። የፈራው አባትየው ነው። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፣ አይነጋገሩም። ጻፉት፤ ፈተና ላይ ይመጣል።»

መጣም። ከፈተናው ሁሉ ያን ጥያቄ ብቻ ባዶ ትቼው ወጣሁ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ የኮሌጁ ታይፒስት ነበሩ። ለሥራ ተመድበው መጥተው እዚያው ቀሩ። ትልቅ ድምፅ አላቸው፤ ቢሯቸው የገባ መምህር ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ጋሞኛቸው የገበያ ጋሞኛ ነበር፦ «ሳሮ» ብሎ ሰላም ማለት፣ «ስንት ነው» እና «ውድ ነው»። ሠላሳ ዓመት በዚህች ኖረውባታል። የባላቸው ዘመዶች ከገረሴ ሲወርዱ ሳሎኑ በጋሞኛ ይሞላል፤ ወይዘሮ የሺ ምግብ አቅርበው ፈገግ ይሉና ወደ ጓዳ ይገባሉ። ከተመረቅሁ በኋላም ቤታቸው እሄድ ስለነበር አይቻቸዋለሁ።

ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ መምህሩ በስትሮክ ወደቁ። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ፤ ንግግራቸውም ጠፋ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አፋቸው ሲፈታ የመጣው ጋሞኛ ብቻ ነበር። አማርኛ የለም። እንግሊዝኛ የለም። ወላይትኛውም ሌላውም የለም። ሐኪሙ እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ አለ አለ፤ አንዳንዴ ሁሉም ይመለሳል፣ አንዳንዴ መጀመሪያ የገባው ብቻ ይቀራል፤ ብዙ ተስፋ እንድናደርግ ግን አልፈለገም። አማርኛ ሲነገራቸው ከሩቅ እንደሚሰማ ሬዲዮ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፤ አንድ ሁለት ቃል ይይዛሉ፣ ቀሪው ያመልጣቸዋል።

ልጆቻቸው ከሥራ ከተማቸው መጥተው አባታቸው አጠገብ እያለቀሱ ተቀመጡ፤ እሳቸው የሚሉትን አልሰሙም። ለማስተርጎም የሰው ችግር አልነበረም፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሞኛ ይችላል። ጎረቤት ተረጎመ፣ እህታቸው ከገረሴ ወርደው ተረጎሙ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተረጎሙ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተራው የኔ ሆነ።

መምህሩ በሦስት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ የሺ አልጋው ጫፍ ላይ ናቸው። መምህሩ እኔን ሳይሆን ሚስታቸውን እያዩ፣ ቀስ ብለው፣ ቃል እየፈለጉ፣ ረጅም ነገር ተናገሩ። ያሉት ይህ ነው፦

«የዚህን አገር ሰው ሁሉ አስተማርኩ፤ አንቺን ግን አላስተማርኩሽም። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ወደ እናቴ ቤት ቋንቋ አላስገባሁሽም። ጊዜ ያለ መስሎኝ ነበር። አሁን እኔ ውስጥ ነኝ፣ አንቺ ደጅ ነሽ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ የሺ ወደኔ ዞሩ። «ምን አለ?»

እኔ በጋዜጣ ዓምዴ ላይ ሹምም ጳጳስም ፈርቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። በዚያች ክፍል ግን ያን የመሰለ ነገር ከባል አፍ ወስጄ ለሚስት ማቀበል አፈርኩ።

«አመሰግናለሁ ይላሉ» አልኩ።

«ይኼን ሁሉ አውርቶ?»

«ስለ ማስታመምዎ... በጣም አመሰግናለሁ።»

መምህሩ በግራ እጃቸው የአልጋውን ብረት መቱት። ከአማርኛቸው የቀረችው ያችን ቃል ለመያዝ በቅታ ነበር። እንደዋሸሁ አውቀዋል። ወይዘሮ የሺም አውቀዋል።

«አንተ ልጅ፣ ጨምር።»

«ያው ነው፣ እትዬ የሺ።»

«ያው ነው? አየሁት እኮ! ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሰው አመሰግናለሁ ሲል ነው እንዲህ የሚሆነው?» ተነሱ። «በቃ። ከባሌ ጋር በአስተርጓሚ አልኖርም። አንዱ ይጨምራል፣ አንዱ ይቀንሳል። እህቱ ያለችኝን ጎረቤት አይደግመውም። ሁለተኛ ማንም እንዳይተረጉምልኝ፣ አንተ ደግሞ ከሁሉ በፊት!»

በማግስቱ ተጸጽቼ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ «ትናንት ያሉት ሌላ ነበር፤ ልንገርዎ» አልኩ። እጃቸውን አፌ ፊት አደረጉ። «እንዳትነግረኝ። የሱን ከሱ ነው የምሰማው።»

«ጋሞኛ አይችሉም እኮ።»

«አልችልም። ሲነገረኝ ኖሯል።»

ስለዚህ ያች ንግግር በመሃል ተንጠልጥላ ቀረች። ሐኪሙ ለመምህሩ ብዙ ጊዜ አልሰጣቸውም፤ ሁለተኛ ቢመታቸው አይተርፉም ብሎ ነበር። ወይዘሮ የሺ ስድሳን ያለፉ ሴት ናቸው። ይደርሳሉ ብዬ አላሰብኩም። ሰው አይለወጥም እያልኩ ብዙ ዓምድ የጻፍኩ ሰው ነኝ፤ እንዲሳካላቸው ብመኝም በውስጤ የጻፍኩትን አምን ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ መዝጊያው ላይ ከታይፕ በወጣ ወረቀት «መተርጎም ክልክል ነው» ተብሎ ተለጥፏል። ገባሁ። ወይዘሮ የሺ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ቅርጫት አለ። መዳፋቸው ላይ ድንጋይ አድርገው ለባላቸው ዘርግተዋል፤ ቅንድባቸውን ትንሽ አንስተው ይጠብቃሉ።

ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ትገተራለህ? ተቀመጥ፣ አፍህን ግን ዝጋ» አሉኝ። ጉልበታቸው ላይ ጠርዙ ቢጫ የሆነ ጥራዝ ነበር። አወቅሁት፤ የመምህሩ የማስተማሪያ ጽሑፍ ነው። «በየዓመቱ ሲያሻሽለው በየዓመቱ ታይፕ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጣቴ በቃሉ ያውቀዋል። ምን እንደሚል ግን አንድ ቀን አንብቤው አላውቅም ነበር። መቼም ታይፒስት ቢያነብ ሥራ አይገፋም።»

«የት ደረሱ?»

«ምዕራፍ አንድ፣ ድምፅ። ይኼ የናንተ ቋንቋ አየር ወደ ውስጥ እየዋጡ የሚያወጡት ድምፅ አለው፤ እንቢ ብሎኛል።»

መምህሩ አንድ ቃል ተናገሩ። ወይዘሮ የሺ ሞከሩ። መምህሩ ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ። እንደገና። አሉታ። ያኔ ወይዘሮ የሺ ጠጋ አሉና ቀኝ እጃቸውን በባላቸው ጉሮሮ ላይ አሳረፉ፤ ግራ እጃቸውን በራሳቸው ላይ። መምህሩ ቃሉን ደገሙት። ወይዘሮ የሺ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው አዳመጡ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከታች ሐይቁ ይታያል፤ ሐይቁን ብዙ ጊዜ ባየውም እንደዚያ ቀን አተኩሬበት አላውቅም።

ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። መምህሩ ናቸው፣ ግማሽ አፋቸው እየሳቀ።

«ሳቅ፣ ሳቅ!» አሉ ወይዘሮ የሺ። «ሠላሳ ዓመት በኔ አማርኛ ኖረህ፣ አንድ ቀን ስቄብሃለሁ?» መምህሩ አልገባቸውም፤ ግን ሳቃቸው ጨመረ።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ሄድኩ፣ እንደ ቃላቸውም አፌን ዘጋሁ። ሁለት ድንጋይ መጣ፤ ቅጥያ መጣ። ድንጋይ መጣል፣ ቅጠል መቅደድ፣ ውሃ ማጠጣት መጣ። ማጠጣቱን በየቀኑ ያጠኑት ነበር፤ መምህሩ መጠጣት ነበረባቸውና። በመሃል በከንቱ ያለፉ ቀናትም ነበሩ። መምህሩ ቃሉ ሲጠፋባቸው ይናደዳሉ፤ አንድ ቀን ብርጭቆውን ከሚስታቸው እጅ መትተው ጣሉት። ወይዘሮ የሺ ስብርባሪውን ለቀሙና፣ ሌላ ብርጭቆ ከማምጣታቸው በፊት መሬቱን እያሳዩ መዳፋቸውን ዘረጉ። «ተሰበረ» አሉ መምህሩ በጋሞኛ፣ ቁጣቸው ሳይበርድ። ወይዘሮ የሺ ሦስት ጊዜ ደገሙና ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

አንድ ቀን ከገረሴ እህታቸው መጥተው እንደ ልማዳቸው ከወንድማቸው ጋር በጋሞኛ ሲያወሩ፣ ወይዘሮ የሺ ከጓዳ ሆነው አንድ ነገር ጣል አደረጉ። አረፍተ ነገሩ ጎባጣ ነበር። እህትየው ግን ወሬያቸውን አቋርጠው «የሺ እስከ ዛሬ ያማነውን ሁሉ ሰምታናለች ማለት ነው?» አሉ። ወይዘሮ የሺ ወጥተው መሃላቸው ተቀመጡ። ከዚያ ቀን በኋላ እንግዳ ሲኖር ጓዳ ሲገቡ አላየሁም።

መምህሩ ከወደቁ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ሲቀር ሁለተኛው መታቸው።

ከቀብሩ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ወይዘሮ የሺ አጠገብ ተቀመጥኩ። የሕይወት ታሪኩን እያማሁ ጀመርኩ። «አምስት ቋንቋ አሉ፣ ሰሙ?»

«ሰማሁ። ልጆቹ ናቸው የጻፉት፤ ተዋቸው» አሉ።

ከዚያ ዓመት ሙሉ የያዝኩትን አወጣሁ። «እትዬ የሺ፣ ያን ቀን ‹አመሰግናለሁ› ያልኩዎት...»

«አውቃለሁ።»

«ነገሩዎት?»

«ሲመስለኝ ነገረኝ። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደርሰን ነበር። ረጅም ነበር፤ እየቆረጠ ነገረኝ፣ እየቆረጥኩ ደገምኩለት፣ ነቀነቀልኝ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ግን አንዳንዴ አሁን ሳስበው፣ ምናልባት ደክሞት ይሆናል የነቀነቀው እላለሁ። ልጅ ሲያስቸግርህ እሺ እንደምትለው። ሌላ የሰማው ሰው አንተ ብቻ ነህ።»

መዳፋቸውን ፊቴ ዘረጉ። ምንም የለበትም። ቅንድባቸውን ትንሽ አነሱና ጠበቁ።

በጋሞኛ ነገርኳቸው፣ እንደሰማሁት፣ ሳልቀንስ። የዚህን አገር ሰው ሁሉ። አንቺን ግን። የእናቴ ቤት ቋንቋ። ጊዜ ያለ መስሎኝ። በሩን የዘጋሁት። 

ወይዘሮ የሺ ደገሙት። አንድ ቦታ ላይ ተሳሳቱ፤ እኔም የድሮ ልማዴን ትቼ ሳልስቅ ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ። ደግመው ሞከሩ። ሦስተኛው ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በደብረ ብርሃን ዜማ፣ አየሩን እየዋጡ በሚያወጡት ድምፅ ላይ ትንሽ ቆም እያሉ፣ ሙሉውን አሉት። ከዚያ እኔን ማየታቸውን ትተው፣ ‹አላስተማርኩሽም› ለሚለው መልስ አድርገው ከራሳቸው አንዲት ቃል ጨመሩ፤ በጋሞኛ፣ በትክክል።

«አስተማርከኝ።»

ነቀነቅሁ።